ባላጋራህ «እወ» እስኪል

ነገር እወድ ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ አዋላጇን ከስሳ ነው የተወለደችው» እያለች ለሰው ስታወራ፣ አጠገቧ ቆሜ «አዋላጇስ ምን መለሰች?» እላት ነበር። በእኛ ቤት ይህ እንደ ነውር አይቆጠርም፤ ነገር የቤታችን ሥራ ነበር ማለት ይቻላል። አባቴ መደበር ውስጥ የእህል ወፍጮ ነበረው። መደበር የአስመራ ቀጥቃጮችና ቆርቆሮ ሠሪዎች ሰፈር ነው፤ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከማኪና ጎማ ጫማ ይወጣበታል፤ ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻው አያርፍም። ሴቶች በዚያ ጩኸት መሃል እህል ሊያስፈጩ ይሰለፋሉ፣ በተራ ይጣላሉ፣ አባቴ ያስታርቃል። ሲያስታርቅ ሲያስታርቅ የሰፈሩ ሽማግሌ ሆኖ አረፈው። እሑድ ወፍጮው ሲዘጋና መዶሻው ዝም ሲል ግቢያችን ችሎት ይሆናል። አባቴ ዱቄት ከቅንድቡ ሳይለቅ ተሟጋቾቹን ፊት ለፊት አስቀምጦ ያዳምጣል፤ እኔ ከጆንያዎቹ ኋላ ተደብቄ ማን እንደሚረታ እገምታለሁ። ብዙ ጊዜ ግምቴ ልክ ነበር፤ በዚህም እኮራ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ልጅ ናት ኮሌጅ ገብታ «ሎጂክ ትማሪያለሽ» የተባለችው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚወስደው ትምህርት ነው። «ምንድን ነው እሱ?» ብዬ የአጎቴን ልጅ ጠየቅሁት። የአባቴ ታላቅ ወንድም ብቸኛ ልጅ ነው፤ ከገጠር መጥቶ እኛ ቤት እያደረ፣ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ እዚያው ኮሌጅ ይማር ነበር። «በትክክል ማሰብን ያስተምራል» አለኝ። ሳቅሁበት። እስከዚያ ድረስ በምን ሳስብ ኖሬ ነው? እሱ ግን አልሳቀም። አባቴን ለምኖ፣ አስለምኖ፣ «እኔ አለሁላት» ብሎ እንድገባ ያደረገኝ እሱ ስለነበር ብዙ አልተከራከርኩትም። ተመዘገብኩ።

ስለ ቋንቋም ልናገር። ቤታችን የሚነገረው ትግርኛ ነው፤ እዚህ በሰዎች አፍ የማስገባውን አማርኛ እኔ ነኝ የመለስኩት። አማርኛን ያገኘሁት በትምህርት ቤት ነው። የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ሲፈርስ ትግርኛ ከመማሪያ ክፍል በአንድ በር ወጣ፣ አማርኛ በሌላው ገባ። ብዙ ጓደኞቼ ተቀየሙት። እኔ ቋንቋው ምን አጠፋ ብዬ ወደድኩት፤ ይኸው እስከ ዛሬ የምጽፈው በእሱ ነው። ያመጡት ሰዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው።

መምህራችን የአገራችን ሰው ነበር፤ ቀጭን፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተጣፈበት ቡናማ ኮት ከትከሻው የማይለየው። ለቅስና ሊማር ሮም ድረስ ሄዶ፣ ሊቀባ ትንሽ ሲቀረው ትቶ ተመለሰ ይባላል። ለምን እንደተወ በከተማው ስንት ወሬ ነበር! ደፍሮ የጠየቀውን ተማሪ «መነሻውን ሳታውቅ መደምደሚያውን አታውራ» ብሎ ሸኘው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ክርክሩ ግን በሦስት ቋንቋ ይካሄዳል፤ እሱ ሲናደድ ጣልያንኛም ይጨመርበታል። አማርኛውን በትግርኛ ጉሮሮ ነበር የሚናገረው። «ሐሳብ» ሲል ሐ ከሆዱ የምትወጣ ትመስል ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ተማሪዎች መጀመሪያ ሳቁ፤ ዓመቱ ሳያልቅ እነሱም እንደሱ «ሐሳብ» ማለት ጀመሩ።

በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ «ሴት ልጅ ኮሌጅ መማር ይገባታል?» ብሎ ጻፈና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ክፍሉ ውስጥ ሴቶቹ ጥቂት ነበርን፤ ጉድ ፈላ። አንድ ረጅም ልጅ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ ነው፣ ብድግ ብሎ ኮቱን እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና እጁን ዘረጋ። እኛ አገር ሙግት የሚጀመረው እንደዚያ ነው። «አባቴ ይሙት» ብሎ ማለ። «ማር እወራረዳለሁ» አለ። ከዚያ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ተቀመጠ፤ ምሳሌ ከተጠራ በኋላ ምን ይቀራል? እኔ ለመመለስ ስነሳ፣ ከተቀመጠበት ሆኖ «ዝም አይነቅዝም» አለኝ። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል!» አልኩት። ተማሪው በሳቅ አውካካ። የረታሁ መስሎኝ ዙሪያዬን ተመለከትኩ።

መምህሩ ተነስቶ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምሳሌዎች ጎን ለጎን ጻፋቸው። «ሁለቱም ከአባቶቻችን የመጡ ናቸው። አንዱ ዝም በል ይላል፣ አንዱ ተናገር ይላል። አሁን ማን ረታ?» አለ። «ምሳሌ ምስክር አይደለም፤ ጠበቃ ነው። ለቀጠረው ሁሉ ይቆማል» አለና ሕግ አወጣልን፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳሌ የጠራ ሰው ተቃራኒውንም አብሮ ያመጣል፤ ካላመጣ ምሳሌው አይቆጠርለትም። ሮም አብረውት የተማሩት ልጆች ሲጨንቃቸው መጽሐፍ ይጠቅሱ እንደነበር ነገረን። እኛ ደግሞ አያት እንጠቅሳለን፤ ስህተቱ ያው ነው አለ።

እኔ ይህን ሕግ ይዤ ወፍጮ ቤት ወረድኩ። የተሰለፉትን ሴቶች አንድ ምሳሌ እየሰጠሁ ተቃራኒውን አምጡ እላቸው ጀመር። «ዘር ከልጓም ይስባል» ስትል አንዷ፣ «እሳት አመድ ይወልዳል!» ትላለች ከኋላ ያለችው፣ በጎረቤቷ ልጅ ላይ ዓይኗን ጥላ። ሳቁና ጭቅጭቁ ሌላ ነገር ሆነ። አባቴ የወፍጮውን ቀበቶ እያስተካከለ «ኮሌጅ ይህን ነው የሚያስተምሯችሁ?» አለኝ፤ እየሳቀ ስለነበር ነቀፋ አልመሰለኝም።

ሁለተኛው ትምህርት ያልተነገረውን ስለመስማት ነበር። ሰው ምክንያት ሲሰጥ ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ይውጣል ይል ነበር መምህራችን፤ ነገሩ የቆመው ግን በተዋጠው ላይ ነው። «እናትህ ‹ደምኗል፣ ጃንጥላ ያዝ› ትልሃለች። ምን ዋጠች?» ብሎ ረጅሙን ልጅ ጠየቀው። «የደመነ ሁሉ ይዘንባል የሚለውን» አለ ልጁ። መምህሩ ወደ መስኮቱ አመለከተ። ከምጽዋ በኩል ሽቅብ የመጣው ጉም የኮምቢሽታቶን ዘንባባዎች፣ ያንን የምንንሸራሸርበትን ትልቅ ጎዳና እንዳለ ውጦታል። ያን ጉም አስመራ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ መጥቶ ከተማውን ሸፍኖ፣ አንድ ጠብታ ሳይጥል የሚመለስ ነው። «እናትህን ውሸታም አትበላት። የዋጠችውን ብቻ አውጣና በብርሃን እየው» አለው። እኔ ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ የሰው ሁሉ ጉሮሮ ላይ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር የተሰካ መስሎ ይታየኝ ነበር።

ሦስተኛው ግን አስለቀሰኝ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ለባላጋራህ ከመመለስህ በፊት የእሱን ቃል አንተ ትናገርለታለህ። አሳምረህ፣ እሱ ራሱ ከተናገረው አሻሽለህ። ባላጋራህ በገዛ አፉ «እወ»፣ በአማርኛው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ መልስ መስጠት አይፈቀድልህም። መምህሩ እኔን ከረጅሙ ልጅ ጋር አጣመረኝ፤ እያወቀ ነው ያደረገው። እኔ የልጁን ቃል እንደ ቀልድ አድርጌ እናገራለሁ፤ ልጁ «ኣይፋልን» ይላል፣ አይደለም ማለት ነው። እንደገና እናገራለሁ፤ «ኣይፋልን»። ደሜ ፈላ። መልሴ ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሰውን ነገር ማሳመር ምን ዓይነት ቅጣት ነው? ሳምንታት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ልጁን መኮረጅ ሰልችቶኝ ዝም ብዬ አዳመጥኩት፤ ታላቅ እህቱ ትምህርት ጀምራ ሲሳለቁባት አቋርጣ እቤት እንደቀረች፣ እሱም ሴት ስትዋረድ ማየት እንደማይፈልግ ሲያወራ ሰማሁ። ያንን መልሼ ስነግረው «እወ» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

ወደ መምህሩ ዞሬ «ቁጣዬ ጠፋብኝ፤ አሁን በምን ልከራከር?» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱ ግን ከልቡ አሰበበት። «ቁጣሽ ሄዶ የሚቀር ነገር ካለ፣ እሱ ነው ክርክርሽ» አለኝ። ከዚህ በኋላ ይህን ሰው ወደድኩት። እንደ ተማሪም እንደ ሴትም አይደለም፤ የጠፋበትን መንገድ ያሳየውን ሰው ሰው እንደሚወደው ነው የወደድኩት።

አንድ ቀን የሆነውን ሳልነግራችሁ ባልፍ ግን ውለታውን እበላለሁ። ክፍላችን ግድግዳ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ነበር፤ የት ያልነበረ! ከኋላ ወንበር ደግሞ አንድ ጎልማሳ ይቀመጣል። ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል፣ አይጽፍም፣ አይፈተንም፣ ስሙ ሲጠራ ሰምተን አናውቅም። ማን እንደላከው ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አንናገርም። ታዲያ ያን ቀን የምሳሌና የተቃራኒ ጨዋታ ላይ ነበርን። ረጅሙ ልጅ፣ ሳያስብ ይሁን አስቦ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብሎ ጣለ። በክፍሉ ሕግ ተቃራኒው መምጣት አለበት። አንዳንዱ ጫማውን ያያል። ከኋላ ያለው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

መምህሩ አልቸኮለም። ምሳሌውን ሰሌዳው ላይ በጥሩ እጅ ጻፈው፤ ከጎኑ ለተቃራኒው የሚሆን ባዶ ቦታ ተወ። «ተቃራኒ ያልተገኘለት ምሳሌ ሁለት ዓይነት ነው» አለ። «አንዱ በእርግጥ ተቃራኒ የሌለው ነው። ሌላው፣ ተቃራኒውን የሚያውቀው ሰው ዝም ያለበት ነው። ምሳሌውን ብቻ በማየት የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ይህ የማሰብ ወሰን ነው፤ ለፈተና ይመጣል፣ ጻፉት።» ጻፍነው። ከኋላ ያለው ሰውዬ ግን የሚጽፈው አጣ። ውሸት አልተነገረ፣ ስድብ አልተነገረ፣ ምን ብሎ ይጽፋል? እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ። መምህሩ ሰሌዳውን ሳይደመስስ ወደ ደመናና ዝናብ ምሳሌው ተመለሰ፤ ያ ባዶ ቦታ እስከ ደወሉ ድረስ እዚያው ነበር። ጀግንነት ጩኸት ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ኮቱ ክርኑ ላይ የተጣፈውን ሰውዬ እያየሁ እንባዬ መጣ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአጎቴ ልጅ ከቤታችን ነው የሚወጣው፣ ከቤታችን ነው የሚገባው። የተማርኩትን ሁሉ ማታ ማታ እራት ላይ ለእሱ እዘከዝካለሁ፤ እሱም በጊዜው ከዚያው ሰው ተምሮታልና እያረመ ይሰማኛል። ጥምቀትን አባቱ ዘንድ ገጠር አክብሮ ሲመለስ ግን ነገሩ ሁሉ ተለውጦ ነበር፤ እበላለሁ ብሎ አይበላም፣ እመጣለሁ ብሎ ያመሻል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት ተነስቼ ክፍሉን ሳይ አልጋው ተነጥፏል፤ የቆዳ ጫማው ተወልውሎ ከአልጋው ሥር ተቀምጧል። ከመደበር የገዛው የጎማ ጫማ ግን የለም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጫማውን አየች፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ያን ጊዜ ጎበዝ ሁሉ የቆዳ ጫማውን ትቶ የጎማውን አድርጎ የሚሄድበት ቦታ አንድ ነበር፤ ሸማቂዎቹ ያሉበት በረሃ። ሰዉ «ወጣ» ብቻ ነበር የሚለው፤ ወዴት ተብሎም አይጠየቅም፣ የጠየቀም አይወደድም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ አጎቴ ከገጠር መጣ። በትግርኛ የአባት ወንድም ሓወቦ ይባላል፤ እኔም ሓወቦይ እያልኩ ነው ያደግሁት። ግዙፍ ሰው ነበር፤ ገብቶ ሲቀመጥ ወንበሩን አዞረና ፊቱን ወደ ግቢው በር አደረገ። ስለ ልጁ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ እኛም አላነሳንም። ሻሂውን ጠጥቶ ሲጨርስ አባቴን «ይህችን ልጅ ይዣት ልሂድ። ትምህርቱ ይበቃታል፤ እኛ ዘንድ ትቀመጥ» አለው። አጎቴ የቤቱ ታላቅ ነው፤ አባቴ በወንድሙ ቃል ላይ ቃል ጨምሮ አያውቅም። እሑድ እንነጋገርበታለን ተባለ። ሰኞ የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት ይጀመራል፤ እኔ ወይ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ወይ ገጠር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የወፍጮው ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። አባቴ እንደ ወትሮው ከመሃል ነው የተቀመጠው፤ ግን «እኔ ለአንዳችሁ ወንድም፣ ለአንዳችሁ አባት ነኝ፤ አልፈርድም። እሰማለሁ፤ እናንተው ጨርሱት» አለ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ሴት ልጅ ከአባቷ ታላቅ ጋር ስትሟገት በመደበር ታይቶ አይታወቅም፤ ጎረቤት ቢሰማ ኖሮ አጥሩ ላይ ይንጠለጠል ነበር።

አጎቴ ጋቢውን አስተካክሎ በዱላው ተደግፎ ቆመ። ንግግር ያውቅበታል። ስለ ዘመኑ መክፋት፣ ስለ ቤተሰብ ክብር ተናግሮ ሲያበቃ «ዘር ከልጓም ይስባል» ብሎ ዘጋው። አፌን ከፍቼ ጠበቅሁት እንጂ! «ሓወቦይ፣ እሳት አመድ ይወልዳልም ተብሏል። ከሁለቱ የትኛውን ልያዝ?» አልኩ። የአባቴ ከንፈር በፈገግታ ሲሸሽ አየሁ። አጎቴ ሌላ ምሳሌ ጠራ፤ ተቃራኒውን ሰጠሁት። ሦስተኛም ጠራ። የወፍጮው ሴቶች ያስታጠቁኝ ስንቅ አላልቅ አለ። እየረታሁ ነበር፤ ደስታው ደሜ ውስጥ ይታወቀኛል።

ከዚያ አጎቴን አየሁት። አራተኛውን ምሳሌ እየፈለገ ነበር፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ አይደለም። በግቢው በር ቀዳዳ የአላፊ ሰው ጥላ ታየ፤ አጎቴ ጥላው እስኪያልፍ ድረስ ንግግሩን አቆመ። ጥላው አለፈ። አጎቴ የት እንደነበር ጠፋው። መጥቶ ወንበሩን ወደ በሩ ያዞረው፣ ብላ ሲሉት በሩን እያየ የሚበላው፣ አሁን ትዝ አለኝ። የመምህሬ ሕግም አብሮ መጣ።

«ሓወቦይ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ከመመለሴ በፊት የእርስዎን ቃል ልናገርልዎት። ካልሆነ ያርሙኝ። ኮሌጅ ሴትን ያበላሻል ነው የሚሉት?»

«ኣይፋልን» አለ ተገርሞ። «አንቺ መቼ ተበላሸሽ?»

«ዕድሜዬ ደርሷል፣ ልዳር ነው?»

«ኣይፋልን። ማን ጋብቻ አነሳ?»

እናቴ ከደጃፉ ወደ ግቢው ወጣ አለችና የግቢው በር መቀርቀሩን አየች፤ ልናገር ያሰብኩት ከእኔ ቀድሞ ገብቷታል። እኔ ወደ አጎቴ ተጠጋሁ። «የሚሉት እንዲህ ነው። ‹ልጅ ነበረኝ። ኮሌጅ ገባ፣ መጠየቅ ለመደ፣ አንድ ቀን በር ከፍቶ ሄደ። እኔ ከዚያ ወዲህ በር እያየሁ ነው የምኖረው። አሁን ደግሞ ወንድሜ እንደ እኔ በር ሲያይ ቆሜ ማየት አልችልም።›»

አጎቴ ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «እወ» አለ። አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ፤ ትከሻው ይነቃነቅ ነበር።

መልስ ነበረኝ። የደመነ ሁሉ አይዘንብም ማለት እችል ነበር፤ በትምህርቱ ልክ ነው፣ ሙሉ ነጥብ ያሰጣል። ግን እሱ ላይ ዘንቦበታል። እኔስ እንደማልወጣ በምን አውቄ ነው የምምልለት? «አባባ፣ የምመልሰው የለኝም» አልኩ። ሻንጣዬ ዓይኔ ላይ ታየኝ። ነገር ወዳዷ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረታሁ፤ አልተናደድኩም፤ የአጎቴ ነገር አንጀቴን በልቶት ስለ ራሴ ለማዘን ቦታ አልተረፈኝም።

አባቴ ግን አልተነሳም። ጢሙን እያሻሸ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ልጅቷ ቃልህን ተናገረችልህ። የእሷንስ ማን ይናገርላት?» አለ። አጎቴ ጋቢውን ከፊቱ ላይ አወረደ። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀውት አያውቁም። ግን ችሎት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ዕዳ ይገባዋል።

«መማር እፈልጋለሁ ነው የምትዪው» አለ።

«ኣይፋልን» አልኩ። እናቴ በድንጋጤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አልወጣም፣ አልጠፋም ነው?»

«ኣይፋልን፣ ሓወቦይ። የማላውቀውን አልምልም።»

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል እየፈለገ፣ «‹በሩን ብትዘጉብኝ› ነው የምትዪው… ‹እኔም ከውስጥ ሆኜ በር የማይ ሰው እሆናለሁ። ያን ጊዜ በአንድ ቤት በር የሚያዩ ሁለት ይሆናሉ።›»

«እወ» አልኩ።

«በል ትማር» አለ አጎቴ ለወንድሙ፤ እንደ ተቆጣ ሰው ነው የተናገረው። እናቴ ሮጣ ምሳ ልታቀርብ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፌርማታው የሸኘሁት እኔ ነኝ። ከተማው የእሑድ ልብሱን ለብሶ ይንሸራሸራል፤ እኛ በጥግ በጥግ እንሄዳለን። «ያን ነገር ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ስለ መምህራችን ነገርኩት፤ ስለ ኮቱ፣ ስለ ምሳሌዎቹ፣ ባላጋራህ እወ እስኪል ስለሚለው ሕግ። እየተራመደ በጥሞና ሰማኝ።

«ልጄንም እሱ ነው ያስተማረው?»

«እወ፣ ሓወቦይ።»

ቆመ። ዱላውን በሁለት እጁ ያዘ። «በጥምቀት ማታ አጠገቤ ተቀምጦ ‹ኣቦ፣ ቃልህን ልናገርልህ፣ ከተሳሳትኩ አርመኝ› አለኝ። የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ‹ስቕ በል› አልኩት፤ ዝም በል አልኩት። ዝም አለ።»

ፌርማታው ላይ ሰው ስለነበር ራቅ ብለን ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። አጎቴ ጎንበስ አለና፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ የልጁን ቃል መናገር ጀመረ። «‹ኣቦ፣ አንተን ጠልቼ አይደለም› ነው የሚለኝ… ኣይፋልን፣ እንዲህ አይደለም… ‹ኣቦ፣ የምሄደው አንተ ያስተማርከኝን…› ነው?» ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ይለምነኝ ነበር። አንዲት ቃል ናት የፈለገው። ያቺን ቃል ግን እኔ መስጠት አልችልም፤ የሌላ ሰው ናት። እጁን ያዝኩት።

አውቶቡሱ መጣ። በመስኮቱ በኩል ተቀመጠና፣ አውቶቡሱ ዞሮ ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ያቆማል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቅና እንደገና ይጀምራል። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ጸሎት የሚያደርስ መስሏት ቦታ ለቀቀችለት።